ሁለት ግራ እጅጌ

ልብስ ሰፊ አለመሆኔን የነገረኝ የፈተና ጨርቅ ነው። አሁን ስጽፈው ሳቄ ይመጣል። መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል ባውቅ ኖሮ ድሮ እጀምር ነበር! ያን ቀን ግን የሳቅ አቅም አልነበረኝም።

ማትሪክ ስወድቅ እናቴ ከሀና ማርያም ወረድ ብሎ በረንዳቸው ላይ ልብስ ለሚሰፉ ጎረቤታችን ሰጠችኝ። «ቤት ተጎልተሽ ከምትውዪ ሙያ ልመጂ» ብላ። እትዬ ነው የምላቸው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ስፌት ስፈታ፣ ቁልፍ ስተክል፣ ካውያ ላይ ከሰል ስጨምር ዋልኩ። ከዚያ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ሲደርስማ ወገቤ የኔ አልነበረም፤ ተኝቼም እግሬ ፔዳል ይረግጣል።

መቀስ ግን አልነካም። በሰፈራችን ሰፊዎች ዘንድ ተማሪ ይሰፋል እንጂ አይቆርጥም። እትዬ በሳሙና ቁራጭ ያሰምራሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቆርጣሉ፣ የተቆረጠውን ያቀብሉኛል። ሁለት ዓመት እንደዚህ ሄደ።

በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ስለ አዲሱ ፖሊሲ፣ ወጣቱ ሙያ ስለሚማርበት መንገድ ያወራል። ያወራል፣ ያወራል። ለእኛ የደረሰን ይህ ነው፦ በፊት «መስፋት ትችያለሽ?» ይል የነበረው የልብስ ፋብሪካ «ሰርተፍኬት አለሽ?» ማለት ጀመረ። በሥራ ላይ የተማርን የመንግሥት የሙያ ማሠልጠኛ ሄደን እንፈተናለን፤ ያለፈ ወዲያው ሰርተፍኬቱን ይወስዳል፣ የወደቀ ከጀማሪ ጋር ዓመት ሙሉ ይማራል። እኔ ፋብሪካ መግባት ነበር የምፈልገው። ሌላ ዓመት መጠበቅ ሳስበው ብቻ ያደክመኝ ነበር።

የፈተናው ቀን ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ሰልፍ ቆሜ ተራዬ ደረሰ። ግራጫ ገዋን የለበሰው ፈታኝ እጅጌ የሌለው ቀሚስና ፊቱ አበባ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ጨርቅ ሰጠኝ። «እጅጌውን ቆርጠሽ ቀሚሱ ላይ ስኪ።»

አንዱን እጅጌ እየፈራሁ ቆረጥኩ። አማረልኝ። ስላማረልኝ እሱኑ ጨርቁ ላይ አስተኝቼ ልክ በዚያው አኳኋን ሁለተኛውን ቆረጥኩ። መገልበጥ እንዳለበት ማን ነግሮኝ! ልሰካው ስል ወይ አበባው ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ወይ የእጅጌው የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሦስቴ ሰፍቼ ሦስቴ ፈታሁ። ሰዓቱ ሲያልቅብኝ እንደሆነ ሰፋሁት።

ፈታኙ ቀሚሱን አንጠልጥሎ አየው። «እህቴ፣ ይህን የምትለብሰው ሴትዮ ሁለቱም እጇ ግራ ነው?»

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። እሱ ግን ቀሚሱን ገልብጦ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ። «ስፌትሽ ከእኔ ይበልጣል። ስንት ዓመት ሰፋሽ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ አልቆረጥሽም?» አለና «ጀማሪ» ብሎ ጻፈ።

ታክሲ አጥቼ በጭቃው በእግሬ ተመለስኩ። እትዬ የሆነውን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሁለት ግራ! ኧረ የኔ ጉድ!»

«ለምን አላስቆረጡኝም?» አልኳቸው። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ሳቃቸው ቆመ። «እኔንስ ማን አስቆረጠኝ? አይቼ ነው የለመድኩት።»

«እኔ የማየው ጀርባዎን ነው፣ እትዬ።»

ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ሰፊ በአገጫቸው አሳዩኝ። «እሷን ተማሪዬ ሳለች አስቆረጥኳት። በሳምንቱ ፊት ለፊቴ መኪና ዘርግታ ደንበኞቼን ጠራረገች። አንቺስ ብትችይ ትቆዪልኝ ነበር?»

አልቆይም ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ልቆጣ ፈልጌ ደከመኝና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሬዲዮ ላይ ስለ እኛ የሚያወሩት ሰዎች አንድ ቀን እዚህ በረንዳ ላይ ቢውሉ ብዬ ተመኘሁ። ተማሪ የምታስተምር ሰፊ ተማሪዋ ስትሄድ ምን ይቀርላታል? ይህን የሚጠይቅ አልሰማሁም።

«ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት እማራለሁ» አልኩ። «ጠዋት ግን እመጣለሁ፤ መቀስ ካስያዙኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «የኔንማ አልሰጥሽም። የራስሽን ግዢ» አሉ።

ሰኞ ከሰዓት ማሠልጠኛው ከጀማሪዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነበር።