የረጋው ማር
ሞጣ ገበያ አንዲት ማር ሻጭ ባልዲዋን ስትከፍት፣ የረጋው ነጭ ማር ሽታ ቢቸና ወዳለው የአባቴ ጓዳ መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት አባቴ ከጓደኛቸው የገዙት ማር እንደ አሸዋ ረጋ። «ስኳር ቀላቅሎ ሸጠልኝ» ብለው ሰውዬውን ሰላም ማለት ተዉ። እኔ ግን ማር ለምን እንደሚረጋ ማወቅ ፈለግሁ። ከማሩ በብርጭቆ ይዤ ወደ ወረዳው የንብ ባለሙያ ሄድኩ።

ቀመሰውና «ደህና ማር ነው፤ ብርድ አግኝቶት ነው የረጋው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጪው» አለኝ።

ባለሙያው ያለኝን ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ማሩ ለብ ባለው ውኃ ውስጥ ሲቀልጥ አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ጓደኛቸው ቤት ተነሡ።

«የቀረውን ባለሙያ አይፈታውም» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

«ስኳር የለበትም፤ ልማልልሽ?» አለችኝ የሞጣዋ ማር ሻጭ።

«አትማይ እቱ» አልኳት። «መዝኝልኝ።»