ልብስ ሰፊው አያ ደምሴ እና ጥርት አድርገን ያልሰማነው ድምፅ

አያ ደምሴን ለምታውቁ ሁሉ፦ የቢቸናው ልብስ ሰፊ፣ የሟች እህቴ የየሺ ባለቤት፣ ዐርፈዋል። ወሬው የደረሰኝ ሞጣ ነው፤ እንደ ልማዴ ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው ልሄድ ስነሣ። ለቀብራቸው ደርሻለሁ። ሆዴ ግን እንደ ተናደደ ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እሳቸው ሲሠሩ ያየ ሰው መቼም አይረሳቸውም። የሚለካው ሰው ሆዱን ሰብስቦ ቀጥ ሲል ሜትሩን ያወርዱና «ተንፍስ እንጂ! ልብሱን የምትለብሰው እየተነፈስህ ነው» ይሉታል። ያጣ ሰው ለልጁ ዩኒፎርም ሊያሰፋ ሲመጣ ደግሞ «ጨርቅ ተርፎኛል፣ ይኸው» ይላሉ። ከልብስ ሰፊ ጨርቅ መቼ ይተርፋል? ከራሳቸው ጃኬት ቀንሰው ነው።

ከሥራ ሲመለሱ ቴፓቸውን ይከፍታሉ። ስፒከሮቹ እኔን የሚያክሉ ነበሩ። ከካሴቶቹ ሁሉ የሚበልጥባቸው አንድ ነው፤ የሺ በሕይወት ሳለች ጥጥ እየፈተለች ስታንጎራጉርና እግረ መንገዷን ስትቆጣቸው ሳታውቅ የቀዱት። ችግሩ ግን ያ ጠባብ ሳሎን ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል፤ ጥጋጥጉ ያጓራል፤ የእሷ ድምፅ ይሰምጣል። «ብርቄ፣ እህትሽ ጋን ውስጥ ገብታ ነው የምታወራኝ» ይሉኝ ነበር። ከመሞታቸው በፊት አንዴ ብቻ፣ ልክ እንደ ተናገረችው ሊሰሟት ይመኙ ነበር። እኔስ ብሆን?

ልጃቸው አዲሱ ከባሕር ዳር አንዲት ትንሽ ሳጥንና ማይክ ይዞ መጣ። «አክስቴ፣ ጥፋቱ የቴፑ አይደለም፣ የቤቱ ነው። ይህ ቤቱን ለክቶ ድምፁን ያስተካክለዋል» አለኝ። ማይኩን አባቱ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ አቆመ። ስፒከሮቹ ከታች ከጉርምርምታ ተነሥተው እስከ ፉጨት የሚወጣ ድምፅ ያሰማሉ፤ ሳጥኑ ግድግዳው የቱን እንዳበዛ ሰምቶ ይቀንሳል። ታዲያ ቤቱ ባዶና ጸጥ ያለ መሆን አለበት።

ቢቸና ላይ ባዶ ቤት!

ድምፁ ገና ከፍ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ካሳዬ በባዶ እግሯ እየሮጠች ገባች። «ምነው? ማን ሞተ?» እንደገና ተጀመረ። አሁን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከደጅ «ቤቶች!» አሉ። አንወጣም ብለን ዝም በሉ የተባልነው የቤቱ ሰዎች ትንፋሻችንን ውጠን ተቀምጠን፣ አያ ደምሴ ራሳቸው ናቸው «ይግቡ! ይግቡ!» ያሉት። አዲሱ ራሱን ያዘ።

«አባዬ፣ ትንሽ ዝም ማለት አይቻልም?»

«ሰው ደጄ ቆሞ?»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ልክ ሲጀመር ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እኔ ሳጥኗን አንሥቼ ብወረውራት በወደድሁ።

በመጨረሻ አያ ደምሴ «አዲሱ፣ እኔ ሰው ስለካ ትንፋሹን አላስይዝም። የዚህ ቤት ትንፋሹ ሰው ነው፤ ሰው ሞልተህ ለካው» አሉ። ልጁ መሣሪያው እንዲህ አይደለም ብሎ ቢከራከርም ማን ሰምቶት! ጎረቤቱ ተጠራ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ግድግዳውን ሞላነው፣ ማሳል እንኳ ተከለከልን። ተለካ። ካሴቱ ሲከፈት ያ ማጓራት ጠፍቷል፤ የእንዝርቷ መሽከርከር ሳይቀር ይሰማል። የሺ አፏን ስትከፍት እትዬ ካሳዬ «ውይ የሺዬ!» ብላ ለቅሶውን ለቀቀችው። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ፣ አንድ ቃል ሳንሰማ ካሴቱ አለቀ።

እሳቸው ብቻቸውን ሲከፍቱት ደግሞ ድምፁ ቀጥኖ ጆሮ ይሰነጥቃል። አዲሱ እንዳስረዳን ሰውና ጋቢ ድምፅ ይውጣል፤ የተስተካከለው ለሞላ ቤት ነው። «ባዶውን ልለካልህ» ቢላቸው፣ «ተወው፣ ሰው ጠርቼ እሰማለሁ» አሉ።

ተናደድሁ! ሰው በተጠራ ቁጥር አንዱ ያስላል፣ አንዷ የየሺን ደግነት ታወራለች፣ አንዱ የጤፍ ዋጋ ይጠይቃል። «ዝም በሉ!» ብዬ ስቆጣ እሳቸው ይስቃሉ። «ተያቸው ብርቄ፤ ለጨዋታ የመጣ ሰው ዝም አይባልም። ዝም የሚሉበት ቀን አይቀርም።» እንዲህ ስንል ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው።

ቀኑም ደረሰ። ለቀስተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳውን ታኮ ተቀመጠ፤ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ የሚናገር የለም። ስንለምነው የነበረ ጸጥታ ያውላችሁ! ግን ሐዘን ቤት ቴፕ አይከፈትም። ስፒከሮቹም ነጠላ ተጥሎባቸዋል።

አያ ደምሴ፣ ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅዎትም። እርስዎስ አሁን ያለ ሳጥን፣ ያለ ማይክ የሺን ይሰሟት ይሆናል፤ እኛ ነን የቀረብን። ለቀስተኛው ሲበተን አዲሱ «አክስቴ፣ አሁንማ ቤቱ ባዶ ነው፤ ከአርባው በኋላ እንደገና ልለካው?» አለኝ። እንዳትነካው አልሁት። ልኩ እርስዎ እንደ ተዉት ይቆያል። ሰው እንጠራለን፤ ያስል፣ ያውራ፣ ያልቅስ፤ ከጫጫታው መሐል የተረፈችንን ያህል እንሰማታለን። በሰላም ይረፉ፣ ወንድም ጋሼ።