የሰው አገር ናፋቂ

ሰው የሚናፍቀው የተወለደበትን ነው ይባላል። የእኔ ባል ግን የሚናፍቀው የሰው አገር ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ በምትባል ከተማ ስንኖር፣ የምናውቀው ሐበሻ ሁሉ ሰብሰብ ሲል ስለ ሰፈሩና ስለ እናቱ ቤት ያወራል፤ የእኔው ጉድ አፉ የሚፈታው ግን ወሬው ወደ ፈረንሳይ ገጠር ሲዞር ነው። ወጣት ሳለ፣ እኔን ከማወቁ በፊት፣ መንግሥት እርሻ እንዲማር ልኮት ሎዋር ከሚባል ወንዝ አጠገብ ባለች መንደር ሁለት ዓመት ኖሯል። ሁለት ዓመት! ከእኔ ጋር የኖረው አሥራ አምስት ነው፤ እናንተው ፍረዱ።

የሚያወራውን በቃሌ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ነገሥታት የሠሩት ግንብ ይመጣል፤ ዙሪያውን ውሃ የከበበው። ቀጥሎ በመቀስ የተከረከመው የግንቡ አትክልት ስፍራ። ከዚያ ጥንታዊው ገዳም፣ ከዚያ የመንደሩ ሴቶች ድሮ ልብስ ያጥቡበት የነበረው ባለ ጣሪያ የድንጋይ ገንዳ፣ ከዚያ ግራና ቀኙ በዛፍ የተሸፈነው ቦይ። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ጸሎት ማሳረጊያ፣ ተከራይቶ የኖረበት ግቢ ውስጥ ያለው ዛፍ። ቲዬል ይለዋል፤ አበባውን አድርቀው እንደ ሻይ አፍልተው የሚጠጡት ዛፍ ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ይነሳል። አገጩን ቀና አድርጎ ሁለት እጁን ይዘረጋና አየሩን ያቅፋል፤ ጣቶቹ አይገናኙም። «ግንዱ እንግዲህ እንዲህ ነው» ይላል። እንግዳው «በስመ አብ!» ይላል። እኔ ሳህን ለማንሳት ወደ ኩሽና እሄዳለሁ።

በሴት ብቀና ይሻለኝ ነበር። ሴት ታረጃለች፣ ሴት ትወፍራለች። ግንብ ምን ይሆናል?

ለነገሩ ሴትም አልጠፋችም። የአከራዩ ልጅ ነች። ስለ ዛፉ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰው ስለ እሷ የሚለው «ብስክሌት ትነዳ ነበር» ብቻ ነው። ይሄ አያስጠረጥርም?

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። እሱ ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳል፤ እኔ እዚያው ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ኩሽና እሠራለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለታችንም ነፃ ነን። «ቴክሳስም የሚታይ ነገር አላት» እልና ይዤው እወጣለሁ። ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ የጥንት ሰፋሪዎች ቤት ወደሚታይበት መናፈሻ ወሰድኩት። ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ሲያይ ቆየ።

«ሶ፣ ፓርክ አድርገን የምናየው ይቺን የእንጨት ቤት ነው?»

«ታሪካዊ ናት። ወርደህ ጽሑፉን አንብበው።»

«እዚያ የከብት በረት እንኳ ከዚች ይበልጣል። ማለቴ፣ በዕድሜ።»

ሌላ እሑድ ወደ ሐይቅ ወሰድኩት። ዳቦና ዶሮ ይዤ፣ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ጥላ መርጬ አስቀመጥኩት። ውሃውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ኦኬ፣ ውሃ ነው። ግን ገድበው የሠሩት ሐይቅ ሐይቅ አይባልም።»

«የእዚያን ቦይ ማን ቆፈረው? መልአክ?» አልኩት።

«ቦዩ ሌላ ነው» አለ፣ ዶሮውን እየበላ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ የእኔ የምለው አንድ ነገር ነበር፦ የተከራየነው ቤት። አውሮፕላን በላዩ ላይ ያልፋል፣ በሩ በክረምት አይገጥምም፤ ጓሮው ውስጥ ግን የፒካን ዛፍ አለ። በመኸር ጠንካራ ቅርፊት ያለው ፍሬው ጣሪያው ላይ ሲወድቅ ቋ፣ ቋ ይላል። እኔ ያንን ድምፅ እወደዋለሁ። እሱ ቅጠሉን በመጥረጊያ እየሰበሰበ ያጉረመርማል፤ «እንቅልፍም ነሳን፣ ጀርባዬንም ቆረጠው» ይላል። በዚያ ቤት በኖርንበት ዘመን ሁሉ «ቤቴ» ሲለው ሰምቼ አላውቅም። «ወደዚያ ልግባ» ነው የሚለው።

አንድ ቀን አከራያችን፣ ደግ የቴክሳስ ሽማግሌ፣ መጥተው ወደ ልጃቸው ሊዛወሩ መሆኑን ነገሩን። ቤቱን ለመሸጥ አስበዋል፤ ከፈለግን ለእኛ ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ መልሱን ግን የፈረንጆቹ በጋ ሳያልቅ ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ባሌ ግን፣ «እስቲ መጀመሪያ ፈረንሳይን እንይ» አለኝ።

ለካስ ከዚያች ከባለ ብስክሌቷ ጋር በስልክ ተነጋግሯል። ቦዩ ዳር ትንሽ ቤት ባዶ ሆናለች። ሴትዮዋ ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች፤ የሚያግዛት ሰው ትፈልጋለች። «እርሻ ተምሬ ሸትል ስነዳ ልሙት?» አለኝ። ይሄ እንግዲህ ወሬ መሆኑ ቀረ። ወይ የቦዩ ዳር ቤት፣ ወይ የዩለስ ቤት። እሱ የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ደግሞ የሚያናድደው፣ መሄጃውን ያቀረብኩለት እኔው ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ ለሠራተኛና ለትዳር ጓደኛ ስታንድባይ ትኬት ይሰጣል፣ ቦታ ከተረፈ የሚሳፈሩበት። ሐምሌ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ለመመለስ አስበን ብንቀርብ፣ ቦታ ተረፈ። እንዳይተርፍ ተስዬ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ፀጉሬን ቀባሁ፤ አዲስ ጫማ ገዛሁ። ፈረንሳይ ባቡር ጣቢያ የጠበቀችን ባለ ብስክሌቷ ግን ሽበቷን እንኳ አልደበቀችም። ቀጭን ናት፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ሽበቱም አምሮባታል። ባሌን ስትስመው ቆሜ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መሳሳሙስ የእኛም ወግ ነው፣ ምንም አይደል። ግን ደገመችና አራት አደረገችው። «እዚህ አካባቢ አራት ነው» አለኝ ባሌ ዓይኔን አይቶ። ሦስቱ ምን ጎደለው? ያቺ አራተኛዋ ሳምንቱን ሙሉ ጉንጩ ላይ የተለጠፈች መሰለኝ።

የሄድኩት እንከን ፍለጋ ነው። ካልበላሁት ጭሬ ልበትነው እንዳለችው ዶሮ ነበርኩ። ግንቡ ግን ያምራል፤ እዚያ ላይ አልዋሸም። ውሃው ላይ ጥላው ተገልብጦ ሲታይ ሁለት ግንብ ይሆናል፤ እኔም በሁለቱም ቀናሁ። አትክልት ስፍራው ውስጥ ቁጥቋጦው ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ አንድ ቅጠል ከመስመር አልወጣም። በመጨረሻ አንድ እንከን አገኘሁ፦ ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ። «ቴክሳስ ቢሆን ተንጋልለን ነበር» አልኩ ጮክ ብዬ።

ገዳሙ ዘንድ ደግሞ ራሴን አዋረድኩ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ጫፉ ላይ መስቀል ያለበት አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ሳይ፣ እንደ ልማዴ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ጎንበስ ብዬ በሩን ተሳለምኩ። ስገባ ውስጡ በርሜል ነው። መነኮሳቱ ከለቀቁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ሆኗል፤ እኔ ምን አውቄ! ባሌ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«መጠጥ ቤት ተሳለምሽ! ኧረ ይሄን ለንስሐ አባታችን ነው የምነግርልሽ!»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና በዚያ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ከጎኔ በባዶ እግሯ ሄደች። ደግ ባትሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! ክፉ ሴት ይጠሏታል፣ ይገላገላሉ። ደግ ሴት ምን ይደረጋል? ከግንቡም ከአትክልቱም ይልቅ በዚያ በባዶ እግሯ ቀናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ የቦዩን ዳር ቤት ሊያዩ ሄዱ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ቤቷን ባያት እወዳት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። ያረፍነው እሱ ድሮ በተከራየበት ቤት ነው፤ ሲርቁ ጠብቄ ወደ ግቢው ወጣሁ። ዛፉ አለ። ሌላ ዛፍ በግቢው የለም፤ ዙሪያውን የከበበው አግዳሚ ወንበርም እሱ እንዳወራው ነው። ማንም እንደማያየኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁና ወንበሩ ላይ ወጥቼ አቀፍኩት። እኔ አጭር ነኝ፤ ክንዴም እንደ ቁመቴ ነው። ጣቶቼ ግን ተገናኙ። ተገናኝተውም ተደራረቡ።

እንደገና አቀፍኩት። ያው ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ሳህን ይዤ ወደ ኩሽና የሸሸሁት ከዚህ ነው? ልስቅ ፈለግኩ፤ አልቅሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠረግኩና ነገሩን ለጠብ ቀን አስቀመጥኩት። ሲመለሱ ቤቷ እንዴት ነበረች ብዬ ጠየቅኩ። «ጥሩ ናት» አለኝ። እንደዚያ ነው፤ ቁርጥ ሲሆን ሰው ወሬ ያሳጥራል አልኩ በልቤ።

የመጨረሻው እሑድ ምሳ ከዛፉ ሥር ተሰናዳ። ሴትዮዋ፣ ወንድሟና ሁለት ጎረቤቶች አሉ። የሚያወሩት በፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ ከጥቂት ቃል በቀር አልሰማም። ባሌ በዚያ ቋንቋ ሲያወራ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ድምፁ ራሱ ወጣት ነው። እኔ ዳቦዬን እየቆረስኩ፣ ለአከራያችን ለሽማግሌው ምን ብዬ እንደምነግራቸው አስባለሁ። የፒካን ዛፋችን የማን ሊሆን ነው እያልኩ።

ድንገት ባሌ ከወንበሩ ተነሳ። አገጩን ቀና አደረገ። ያንን አነሳስ አውቀዋለሁ። ሁለት እጁን ዘርግቶ አየሩን አቀፈ፤ ጣቶቹ አልተገናኙም። ኧረ ወዲያ፣ ዛፉ እዚህ ቆሞ እያለ ምን ይለካል? ብዬ ቀና ስል፣ ጀርባውን ሰጥቶታል። ዞሮም አላየው። «ዩለስ» ሲል ሰማሁ። «ቴክሳስ» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጣሪያውን በእጁ ሠራ፤ ፍሬው እንዴት እንደሚወድቅ አሳየ፤ ራሱን በእጁ ሸፍኖ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው ዓይኑን አፈጠጠ። ሰዎቹ ሳቁ። አንደኛው ጎረቤት አፉን ከፍቶ ቀረ። በስመ አብ ማለቱ መሆን አለበት።

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። አልሳቀችም። ፊቷ ላይ ያለውን አወቅኩት፤ ሳህን ላነሳ ስነሳ እኔ ፊት ላይ የሚኖረው ነው። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፦ «እውነት ያን ያህል ነው፣ የእናንተ ዛፍ?»

ፒካናችንን ስንት ጊዜ አቅፌዋለሁ። ጣቶቼ ይገናኛሉ። ባሌ እጁን እንደገና ዘርግቶ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የጠብ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ነገር አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«ከዚያም ይበልጣል» አልኳት።

ባቡሩ ላይ ስለ ቦዩ ዳር ቤት አንድም ቃል አልተነፈሰም። አውሮፕላኑ ውስጥ መስኮቱን እያየ፣ «በዚህ ሙቀት ሽማግሌው ውሃ ያጠጡት ይሆን?» አለ። «ማንን?» አልኩት፤ አውቄ ነው። ዩለስ እንደደረስን ሻንጣውን በር ላይ ጥሎ ወደ ጓሮ ሄደ። በሳምንቱ ቤቱን ለመግዛት ፈረምን። በሁለተኛው ሳምንት መጥረጊያውን ይዞ፣ «እዚያ ቢሆን ቅጠሉን...» ብሎ ጀመረ። አመሉ ነው፤ ከፊቱ ያለውን አያይም፣ የራቀውን ያገዝፋል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠዘጠዘኝ። እኔ ከአጠገቡ ርቄ አላውቅም። ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ ስሜን በመልካም አንስቶ አያውቅም።

ቤቱ የተመረቀ ዕለት ቄሱ ጠበል ረጭተው ከሄዱ በኋላ፣ ባሌ እንግዶቹን ጓሮ ወስዶ ዛፉን እያሳየ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘግይተው መጡ፤ ከእሱ ጋር ሸትል የሚነዱ፣ በቅርቡ ሥራ የገቡ ሰው ናቸው። በሩን ከፍቼ ሳህን እንደያዝኩ ሰላም አልኳቸው። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ውስጥ ይመለከታሉ።

«የቤቱ እመቤት የት አሉ፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ይግቡ።»

«አንቺ ነሽ?» ከላይ እስከ ታች አዩኝና አፈሩ። «ይቅርታ ልጄ፣ እሱ መኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለ አንቺ ሲያወራልኝ... ረጅም ሴት ትመስይኝ ነበር።»

«ምን ያህል ረጅም?»

እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አነሱ።

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። በዚያች በረጅሟ ሴት ቀናሁ።