ሚጡ አፏጨች

ሚጡ አፏጨች!

ወሬውን ያመጣችልኝ እናቷ ናት። ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ «ልጄ አፏጨችልሽ!» አለችኝ። አቅፌያት መንገዱ መሀል ዘለልኩ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አየን። ይየን! አንዲት ትንሽ ልጅ ስላፏጨች እንዲህ የሆንኩበትን ምክንያት ለመንገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ወደታሰርኩበት ክፍል ልውሰዳችሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተን ፖሊስ ሲበትነን፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ባለሱቅ በሯን ከፍታ አስገባችን። ልጇን አዝላ ነበር። ፖሊሶቹ በሩን ገንጥለው ሲገቡ እጇን ዘርግታ ፊታችን ቆመች። ዱላው ሲመጣ ፊቷን ለማዳን ዞረች። ጀርባዋ ላይ ሚጡ ነበረች።

እናትየውንም ከነልጇ ከእኛ ጋር በፖሊስ መኪና ጫኗት። ያሰሩን ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ ሻጋታና አይጥ ይሸታል። ሲሚንቶው እርጥብ ነው። መስኮቱ ከቁመታችን በላይ።

በማግስቱ ሚጡ ስታለቅስ ግማሽ ፊቷ ብቻ አለቀሰ። ሌላው ግማሽ ዝም አለ። ስትጠባ ወተቱ በአፏ ጥግ ይፈስሳል። ስትተኛ አንድ ዓይኗ አይከደንም፤ ተኝታ ታየናለች።

ከመካከላችን አንዷ የሕክምና ተማሪ ስለነበረች «ዶክተር» እንላታለን። የሚጡን ጆሮ ሥር ዳሰሰች።

«እስቲ ሁላችሁም ከጆሯችሁ ጀርባ ዳስሱ» አለችን። ዳሰስን። «ጉብ ያለ ጠንካራ ነገር አለ አይደል? አጥንት ነው። ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አጥንት ውስጥ ባለ ቀጭን ቦይ አልፎ እዚያ ሥር ይወጣል። እኛን ያ አጥንት ይከልለናል። ስንወለድ ግን የለም። ልጅ ሲያድግ አብሮ ያድጋል፤ ቦዩም አብሮ ይረዝማል። የሚጡ ገና ነው። ነርቩ ከቆዳዋ ሥር ነው ያለው።»

«ይመለሳል?» አለች እናትየው።

«ካልተበጠሰ ይመለሳል። ቀስ ብሎ።»

«ከተበጠሰስ?»

ዶክተር ከሻሿ ጫፍ ቀደደችና የማይከደነውን ዓይን ሸፈነችላት። መልሷ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ሚጡን «ፉ» ማስባል ሆነ። ዶክተር ከንፈሯ ይሥራ ብላለች። ሕፃን ደግሞ የሚያየውን ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ አፏጨን።

«እናቴ ብትሰማኝ ከእነዚህ ቀድማ ትገድለኛለች» አለች አንዷ።

«ዝም ብለሽ ንፊ!»

ዘበኛው በሩን በዱላ ደበደበው። «ባለጌዎች! ሴት ልጅ ታፏጫለች? ሰይጣን ልትጠሩ ነው?»

«መጥቷል ጋሼ! ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሟል!»

ሳቃችን ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። «ማናት ያፏጨችው?»

ከሁላችንም አንገቷን የምትደፋው እናትየው ነበረች። ተነሣች።

«እኔ ነኝ። ልጄን እያከምኩ ነው።»

«ልጅሽን ብርድ ነው የመታት። ሌላ ወሬ እንዳልሰማ!»

«ብርድ ዱላ ይይዛል እንዴ ጌታዬ?»

አላመናጨቀችውም፤ እንደ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ አፏጨች። ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። እኛም ተከተልናት። እሱ እዚያው ቆሞ ሁላችንም አፏጨን። ሚጡ አየችን፤ ግማሽ ከንፈሯ ሾለ፣ ግማሹ አልሰማም። በሩ ተዘጋ። ያን ቀን ምግብ አልገባልንም።

ሲለቁን ዶክተርን አስቀሯት። እስከ ዛሬ አልመጣችም።

የሚጡ ዓይን ከወራት በኋላ መከደን ጀመረ። ሳቋ ቀስ በቀስ ቀና። ከንፈሯ ግን እምቢ አለ፤ እስከ ትናንት ድረስ።

ከእናቷ ጋር ሱቁ ሄድኩ። ሚጡ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ አፏጨችልኝ፤ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ያዘመመ። ከጆሮዋ ጀርባ ስዳስሳት «ይኮረኩረኛል!» አለች። ሽምብራ የምታህል ጉብታ አገኘሁ። አጥንቱ አድጓል። ዱላው ግን የትም አልሄደም፤ በዚያ መንገድ በየቀኑ ስንት ገና ያልጠነከረ ሕፃን ታዝሎ ያልፋል።

እናቷ ለቅዳሜ ጎረቤት ጠርታለች። «ጓደኞችሽንም ጥሪልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ጠራኋችሁ። ከእናንተ መካከል ዶክተርን የሚያገኛት ካለ ደግሞ አልተበጠሰም ብላችሁ ንገሩልኝ። የሱቁ በር አዲስ ነው፣ አታንኳኩ። አፏጩ። ሴቶች ይቅደሙ።