ከቁምሳጥን የተሠራው የዶሮ ቤት

ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ወር ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደየቤቱ ተመልሶ አባቱ ብቻ እኔ ጋ ቀሩ። ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ወደሚኖሩበት ወደ ሴት ልጃቸው ቤት መመለስ ይችሉ ነበር። ለምን እንደቀሩ አልጠየቅኋቸውም። በዚያን ጊዜ ማንንም ምንም አልጠይቅም ነበር።

የምንኖረው የካ ውስጥ፣ ዳገቱ ሥር ባለች ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነበር። ጠዋት ተነስቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፣ እመለሳለሁ። የጸሎት ቡድናችን ሴቶች መጥተው እጄን ይዘው ሲያለቅሱ የእኔ ዓይን ደረቅ ስለሆነ አፍር ነበር። ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጉት ማደንዘዣ አለ። መላ አካላቴን እሱን የወጉኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባባ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ይህን ቁምሳጥን ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ።

የባለቤቴ ቁምሳጥን ነበር። ልብሶቹን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተን ባዶውን ቀርቷል።

«አልፈልገውም።»

«እንግዲያው የዶሮ ቤት ልሥራበት።»

«ይሥሩበት፣ አባባ።»

ጓሮ አውጥተው በጎኑ አጋደሙት። በሮቹን ነቅለው አንዱን ወለል አደረጉት፣ ከሌላው እንቁላል የሚጣልበት ሳጥን ሠርተው በጎን በኩል ገጠሙለት። ፊቱን በሽቦ ወንፊት ሸፈኑት፣ ውስጡ ለቆጥ የሚሆን የባሕር ዛፍ አጣና አስገቡ፣ እግር አበጁለት፣ ቆርቆሮ አለበሱት። እኔ ሚስማር አቀብላለሁ። ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ብለው መዝጊያው ላይ ሁለት መቀርቀሪያ መቱ። በሳምንቱ ከሾላ ገበያ እንቁላል ያልጀመሩ አራት ቄቦች ገዝተው መጡ።

ማጽዳቱ የእኔ ሥራ ሆነ። አባባ «ወገቤ አይታጠፍልኝም» አሉ፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ሚስማር ሲመቱ የዋሉ ሰው። አንድ እሑድ ወለሉን ስፍቅ ከኩሱ ሥር ጽሕፈት ብቅ አለ። ባለቤቴ በቁምሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈው ነበር፦ «ውሃ ማክሰኞና ዓርብ። በርሜሎቹ ይሞሉ።» የሰፈራችን የውሃ ተራ ነው። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ለቅሶ ይመጣል ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ። ሳይመጣ ሲቀር የቀረውን ፍቄ አዲስ ሰጋቱራ በተንኩበት።

በዓመቱ ለረጅም ጊዜ የቆጠብንለት ኮንዶሚኒየም አያት ላይ ደረሰን። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ዶሮ የሚረባበት አይደለም። አባባ የዶሮ ቤቱን ይዘው ወደ ልጃቸው ቤት ሊመለሱ ወሰኑ።

የእኔን ዕቃ አስቀድመን አያት አድርሰን፣ እሳቸው በሚሄዱበት ዕለት ፒካፕ ተከራየን፣ ዶሮዎቹን በካርቶን አደረግናቸው፣ ጎረቤት ግንባታ ላይ ያሉ አራት ሠራተኞች ሊያግዙን መጡ። ተሸክመውት የግቢው በር ጋ ሲደርሱ አልወጣ አለ። ቁምሳጥኑ በዚያው በር ነበር የገባው፤ የተጨመረው ሳጥን አስፍቶታል። ቢያጋድሙትም የቆርቆሮ ጣሪያው ያዘው። አባባ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለኩ። ደግመው ለኩ።

«ዕድሜ ልኬን በር ስገጥም ኖሬ» አሉ፣ ለማናችንም ሳይሆን፣ «ይኸን ሳልለካ ሠራሁት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ እንደ ሒሳብ ጥያቄ አሰላስል ነበር። ከዚያ እጄን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ።

«በአጥሩ ላይ እናሳልፈው» አለ አንደኛው ሠራተኛ።

ሁለቱ ከውጭ፣ ሁለቱ ከውስጥ ሆነው አሳለፉት። አንድ እግሩ ተሰበረ።

ዳገቱን ስንወጣ እኔና አባባ ከኋላ ተቀምጠን የዶሮ ቤቱን ደግፈን ይዘን ነበር። መኪናው እያቃሰተ ይወጣል። ከፍ ባልን ቁጥር ብርዱ በረታ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቁምሳጥኑን ያፈረስኩት ዶሮ አምሮኝ አይደለም። ባዶውን ቆሞ ሳየው መቀመጫ ያሳጣኝ ነበር። ተቀይመሽኝ ይሆን?»

«አልተቀየምኩም።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«እውነቴን ነው፣ አባባ። ምንም አልተሰማኝም። እስካሁንም አይሰማኝም።»

እጃቸውን ከዶሮ ቤቱ ሳያነሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እኮ ሳለቅስ እንዳታዪኝ ነበር ጓሮ የምውለው» አሉ። «አንቺም ከእኔ ተደብቀሽ የምታለቅሺ መስሎኝ ነበር። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው የቀረሁት።»

እንዳይበርዳቸው ጋቢያቸውን አስተካከልኩላቸው።

ልጃቸው ግቢ ስንደርስ በተሰበረው እግር ፋንታ ድንጋይ ደርድረን አቆምነው። ሦስቱ ዶሮዎች ወዲያው ገቡ። አራተኛዋን ከመኪናው ሥር በበቆሎ አባብለን አወጣናት። ሻይ ጠጥቼ በታክሲ ወረድኩ፣ አዲሱ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያቸዋለሁ። በቅርቡ ከአያት በባቡር ስመጣ፣ ሰው መሀል ቆሜ፣ ያለ ምንም ምክንያት እንባዬ ወረደ። ሁለት ፌርማታ ያህል ቆይቶ አቆመ። ለአባባ ነገርኳቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ አዲስ የገዟትን ገብስማ ዶሮ ሊያሳዩኝ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።