ለማን ይደወል?

በኢንዶኔዥያዋ የወደብ ከተማ በማካሳር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የሐጅ ተጓዦች ለክትባት ሲጋፉ፣ አንዲት አሮጊት ፓስፖርታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ነርሷ ቴንሪ ስትጠራቸው ከጣፋጭ ሕልም እንደነቃ ሰው ፈገግ አሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ኪኒናቸውን የሚለዩት ራሳቸው በሰፏቸው ከረጢቶች ነው፤ ሰማያዊው ለንጋቱ ሶላት ለሱብሒ፣ ቀዩ ለምሽቱ ለመግሪብ።

«ጉድ እኮ ነዎት፣ እማማ! ሐኪሙን ያስንቃሉ።»

«አንቺ ደግሞ! መረብ ስጠግን ያረጀሁ ሴት፣ ይኼ ያቅተኛል?»

በጤና መድን ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ቢታመሙ ለማን ይደወል?

«ለባለቤቴ፣ ለባሶ።»

«ስልካቸውስ?»

«ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር ወጥቷል።»

«መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ» አሉ አሮጊቷ፣ ትናንት የወጣ ይመስል በለሰለሰ ድምፅ። «ስሙን የማስጽፈው እኔ በሌለሁበት ቢመጣ፣ የት እንደሄድኩ የሚነግረው ሰው ይኑር ብዬ ነው፣ ልጄ።»

የቴንሪ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ስልክ ቁጥር የሌለው ቅጽ አያልፍም፤ ቅጹ ካላለፈ ደግሞ ሐጁ ቀረ ማለት ነው። ቴንሪ የባሶን ስም አሳምራ ጻፈችና ከጎኑ የራሷን ስልክ ቁጥር ሞላች።