«ዳክ» ብሎ የሄደው ጎረቤቴ

በስደት ሂልብሮው ሰፈር ስኖር ግድግዳ የምንጋራ ባልና ሚስት ጎረቤቶች ነበሩኝ። እሱ ጀፕስታውን የሚባል የገበያ ሰፈር ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል፤ እሷ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ቢሮ ስለምሠራ እንግሊዝኛ አስተምሪኝ ይለኝ ነበር፤ የመጽሐፉን ግን አልወደደውም።

«‹መሄድ አለብኝ› የሚለው ተማሪ ነው። የዚህ አገር ልጆች ‹ዳክ› ነው የሚሉት። ዳክ ብሎ ውልቅ!» ይልና ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ኮሮና ገብቶ ከቤት አትውጡ በተባልንበት ሰሞን ሚስቱ ታመመች። ሳሏ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እሱ ነው፤ ሁለት ማስክ ደርቦ፣ ሻንጣ ይዞ፣ ራቅ ብሎ ሊፍቱ ጋ ቆሟል።

«እህቴ፣ እኔ ዳክ ልበል» አለኝ።

«ወዴት?»

«ጓደኛዬ ጋ። እኔም ከታመምኩ ሱቁን ማን ያያል?»

«እሷስ?»

«አንቺ አለሽ አይደል?»

ማስኩ ቢሸፍነውም መሳቁ ከዓይኑ ታወቀኝ።

ወዲያው ገባሁ ብል ውሸት ነው። ፈርቼ በራቸው ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። ስገባ ሽታው ተቀበለኝ። ያስመለሰችበት ባልዲ ሳይደፋ አልጋው ሥር ተቀምጧል። አንሶላው በላብ ርሶ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። የሙቀት መለኪያውን ይዞት ሄዷል። ለሳሏ የሚፈላውን ዝንጅብልም ጭምር። ከትውከቱ ይልቅ ያቅለሸለሸኝ የዝንጅብሉ ነገር ነው።

ሁለት ሳምንት ሾርባ አጠጣኋት፣ ገላዋን አጠብኳት። ዳነች።

መዳኗን ሲሰማ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ብርቱካን ይዞ መጣ። ከመግባቱ በፊት፣ እሷ እያየችው፣ የበሩን እጀታ ሳኒታይዘር ረጨው።

«ልጄ፣ ጊዜው ክፉ ነው። ያልፈራ ማን አለ?» አሏት አንደኛው ሽማግሌ።

«እሷም ፈርታለች» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። «ግን ባልዲዬን ደፋችልኝ። አባቶቼ፣ እናንተ ግቡ፣ ሻይ አፈላለሁ። እሱ ግን አይገባም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሱ ብርቱካኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ በደረጃው ወረደ።

ከወር በኋላ የልብስ ስፌት መኪናዋን አስጭና፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያላት እህቷ ዘንድ ገባች። እሱን ጀፕስታውን ውስጥ ሁለቴ አግኝቼዋለሁ። ሁለቴም ሰላም ሊለኝ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ሁለቴ እጄን ኪሴ ከትቼ አለፍኩት።